ፌስታሉን ይዘው ይምጡ፦ በተመላላሽ ክፍል መድኃኒትን ያለ ጉዳት የማዘዝ መመሪያ

ሥራ በጀመርኩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። ኮሪደሩ ከጠዋት ጀምሮ ጢም ብሏል። አንዲት እናት ጉልበታቸውን ይዘው ገቡ። "ልጄ፣ እግሬ አላራምድ አለኝ" አሉኝ። የአስር ቀን የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ፣ ጻፍኩላቸው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊታቸው አብጦ፣ ሽንታቸው ቀንሶ ተመለሱ። የኩላሊት ድካምን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒናቸው፣ ከልክ በላይ ወጥቷል። ልጃቸው ከቦርሳዋ ጥቁር ፌስታል አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ኢናላፕሪል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ሁለቱም የግፊት መድኃኒቶች። የእኔ ዲክሎፌናክ። በዚያ ላይ "ለወገብ" ተብሎ የተገዛ አይቡፕሮፌን። የደም ግፊት ክትትላቸው ሌላ ቦታ ነበር። እኔ አልጠየቅኩም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ለጉልበት የመጣ ሰው ስለ ግፊቱ ምን ብሎ ያወራል?

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኩላሊታቸው ተመለሰ። እኔን ግን ያ ፌስታል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። መድኃኒቶቹ አብረው ሲሰጡ አደገኛ መሆናቸውን አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ተምሬዋለሁ። ኢናላፕሪል ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን የደም ቱቦ ያሰፋል። ዲክሎፌናክ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ያጠባል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ የሰውነትን ውሃ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ ማጣሪያው ግፊት ያጣል። ይህን ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። በዚያ ሐሙስ ግን ቆም ብዬ የማስብበት ቦታ አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ ስለነዚያ የመቆሚያ ቦታዎች ነው። ጅማ ከተማ ውስጥም ሆነ በሰቃ፣ በሰርቦ፣ በአጋሮ፣ በዴዶ በጤና ጣቢያና በክሊኒክ ለምትሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች የተጻፈ ነው። ውድ ዕቃ አይፈልግም። ኮምፒውተር ባይኖርም ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ፌስታሉ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት የሚደርስ ጉዳትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ጥሪ ሲያደርግ ሦስት ነገሮችን አስቀድሟል። አንደኛው አደጋቸው ከፍ ያለ ሁኔታዎችና መድኃኒቶች ናቸው። ሁለተኛው አንድ ሰው ብዙ መድኃኒት ሲወስድ ነው። ሦስተኛው ታካሚ ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው። የእኛ ታካሚ ብዙ ጊዜ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ይመጣል። ግፊቱን ጤና ጣቢያ፣ ስኳሩን ሆስፒታል፣ ጨጓራውን የግል ክሊኒክ ይከታተላል። ወገቡን ደግሞ ሠፈር ካለው መድኃኒት ቤት ያስታግሳል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያየው ፌስታሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ካርድ ክፍል በር ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በትልቁ ጻፉ፦ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ ይዘው ይምጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለክትትል የሚመጣውን ሰው ቀድመው ቢነግሩት ደግሞ የበለጠ ይሰማል። ፌስታሉ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ገልብጡት። እያንዳንዱን እያነሳችሁ "ይሄን እንዴት ነው የሚወስዱት?" በሉ። "ይወስዳሉ?" ካላችሁ መልሱ "አዎ" ነው። "እንዴት?" ስትሉ እውነቱ ይመጣል። አንዱ በሁለት ቀን አንዴ ይወስዳል። ሌላዋ ለጎረቤቷ አካፍላለች።

ፌስታል የሌለውን ሰው እንዲህ ጠይቁት፦ ክትትል የሚያደርጉበት ሌላ ቦታ አለ? በዚህ ወር ከመድኃኒት ቤት ራስዎ የገዙት አለ? መድኃኒት ወስደው ሰውነትዎ ያበጠበት፣ ሽፍታ የወጣበት ወይም ትንፋሽ ያጠረበት ጊዜ አለ? ለሴቶች ደግሞ እርግዝና፣ ጡት ማጥባትና የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጨመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አስተርጓሚው ልጅ ከሆነ እናት ስለ እርግዝናዋ አትናገርም። አማት ካለች ምራት ክንዷ ላይ ያስቀበረችውን የወሊድ መቆጣጠሪያ አታነሳም። ቋንቋውን የሚችል የሥራ ባልደረባ ጥሩና ሌላውን ሰው በትሕትና አስወጡ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

"መድኃኒት" ስንል ሰው ክኒን ብቻ ነው የሚመስለው። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ፣ ኮሶ አይቆጠሩለትም። በስማቸው እየጠራችሁ፣ ፊታችሁን ሳታኮሳትሩ ጠይቁ። ጥቁር አዝሙድ ለምሳሌ ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት ከሆነ ማወቅ አለብን።

ጅማ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመራል። ጫትና ቡና። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጠዋት መድኃኒቱን ውጦ ከሰዓት የሚቅም ሰው ግፊቱ አልወርድ ሲል ሦስተኛ ክኒን ከመጨመራችን በፊት ይህን እንወቅ። የመን ውስጥ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ጫት አምፒሲሊን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል፤ አሞክሳሲሊንንም በመጠኑ። "አይቃሙ" ብሎ መቆጣት የትም አያደርስም። "ከቃሙ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይተው ይዋጡት" ማለት ግን ይሰማል። ቡና ደግሞ የብረት እንክብልንና የእንቅርት መድኃኒቱን ሌቮታይሮክሲንን ያግዳል። ሲፕሮ (አንቲባዮቲኩን ሲፕሮፍሎክሳሲንን) የሚወስድ ሰው ላይ የቡናው ኃይል ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም፤ ልብ ይመታበታል፣ እንቅልፍ ያጣል። ሦስቱንም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ በሚጠጣ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፦ ሚዛንና ክሬቲኒን

ልጅ ሳይመዘን መድኃኒት አይጻፍለት። በዕድሜ መገመት ይቅር። ክብደቱ ማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ ፋርማሲስቱ ስሌቱን መልሶ ሊያየው የሚችለው ያኔ ነው።

ፓራሲታሞልን እንውሰድ። መጠኑ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ባለው ሽሮፕ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አሁን "አንድ ማንኪያ" ብለን ጻፍን እንበል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የሾርባ ማንኪያ ግን 15። እናትየው በሾርባው ከሰጠች ልጁ በኪሎ 36 ሚሊ ግራም ዋጠ ማለት ነው፤ ከከፍተኛው መጠን ከእጥፍ በላይ። ስለዚህ በሚሊ ሊትር ጻፉ። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ስጧት፤ እስከየት እንደምትሞላው በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉላት።

አዛውንቶች ላይ የሚያታልለን ክሬቲኒን ነው። ላብራቶሪው "ኖርማል" ይላል፣ እኛም እናልፋለን። ሰውነታቸው የመነመነ ሰዎች ጡንቻቸው ትንሽ ስለሆነ ክሬቲኒናቸው ዝቅ ይላል፤ ኩላሊታቸው ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገምተው ቀመር ቀላል ነው። ከ140 ላይ ዕድሜን ቀንሱ። በክብደት አባዙ። 72 በክሬቲኒን ተባዝቶ ለሚገኘው አካፍሉ። ለሴት ከሆነ በ0.85 አባዙ። የ80 ዓመት እናት፣ ክብደታቸው 45 ኪሎ፣ ክሬቲኒናቸው 1.0 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ቢሆን 32 ገደማ ይመጣል። ይህ በጣም የደከመ ኩላሊት ነው። ውጤቱ ከ30 በታች ሲወርድ ሜትፎርሚን ይቆማል። ጄንታማይሲንና ዲክሎፌናክ ደግሞ ከዚያም ቀድመው የሚፈሩ ናቸው። ስልካችሁ ላይ ማስሊያ አለ፤ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ሦስተኛ፦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት

የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ መስተጋብሮች አሉ። ሁሉንም እናስታውስ ካልን አንዱንም አናስታውስም። በእኛ ተመላላሽ ክፍል ሰው የሚጎዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ታካሚ ስታዩ ዓይናችሁ በሚያርፍበት ቦታ ለጥፉ። የእኔ ወረቀት ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፦ የጨጓራ ቁስል ላለበት፣ ለልብ ድካም፣ ለደከመ ኩላሊት፣ ከኢናላፕሪልና ከሽንት መድኃኒት ጋር፣ አይሆንም። ለጉልበት በፓራሲታሞልና በሚቀባ ጀምሩ። የግድ ከሆነ ለጥቂት ቀን፣ ጨጓራውን በኦሜፕራዞል ጠብቆ። ይህን መስመር ትልቅ አድርጌ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ጽንሱን ይጎዳል። ልትወልድ የምትችል ሴት ላይ ስትጀምሩት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሽንት መድኃኒቱ ስፓይሮኖላክቶን ወይም ከአንቲባዮቲኩ ኮትሪሞክሳዞል ጋር ሲሆን ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል፤ ፖታሲየም ደግሞ ልብን ያቆማል።

የልብ ምትን የሚቀንሱት ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል አስም ላለበት አይሰጡም። "ልቤ ይመታል" ብሎ የመጣን ወጣት አስም እንዳለበት ሳትጠይቁ አታስወጡት።

ሪፋምፒሲን፦ የቲቢ መድኃኒት የጀመረች ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኗም በክንዷ የተቀበረውም ይደክማል። የሦስት ወር መርፌ ወይም ሉፕ ይሻላታል። የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሪፋምፒሲን ጋር 50 ሚሊ ግራሙን በቀን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ነው የሚወስደው። ይህ የሚረሳው የቲቢ ክፍልና የኤችአይቪ ክፍል ሲለያዩ ነው።

ዋርፋሪን፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ በልብ በር (ቫልቭ) በሽታ የሚከታተሉ ብዙ ወጣቶች ይወስዱታል። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ፍሉኮናዞል ሲጨመሩበት ደም ይፈሳል። ዋርፋሪን ያለበትን ሰው መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት የሚከታተለውን ክፍል ደውላችሁ አማክሩ።

ቫልፕሮኤት፦ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት በአንዱ ገደማ የአፈጣጠር ጉድለት ያመጣል። የሚጥል በሽታ ላለባት ልጃገረድ ሌላ አማራጭ ካለ ሌላውን።

ግሊቤንክላማይድ፦ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አይመከርም። ስኳሩን በድንገት ይጥለዋል፣ ሌሊትም ይጥለዋል። ግሊክላዛይድ ከተገኘ እሱ ይሻላል።

ፕሪማኪን፦ በግቤ ዳር ያሉት ቆላማ ቀበሌዎች የወባ አገር ናቸው። ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የጎደለው ሰው ላይ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል። መርመሪያው ከሌላችሁ ቢያንስ "ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወዲያው አቁመው ይምጡ" ብላችሁ አስረግጣችሁ ንገሩ።

የእናንተ ወረቀት ከእኔ ሊለይ ይችላል። ከአስር መስመር ግን አይብለጥ።

አራተኛ፦ አጻጻፍ

ይህ አጭር ነው። በመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም ጻፉ። አንድ ሰው "ቮልታረን" እና "ዲክሎፌናክ" የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ያሉት እየመሰለው አንዱን መድኃኒት እጥፍ ሲውጥ አይቻለሁ። ነጥብ አደገኛ ነው፦ 5 ብላችሁ ተዉት፤ "5.0" ነጥቡ ካልታየ 50 ይሆናል። ከአንድ በታች ሲሆን ግን ዜሮውን አስቀድሙ፣ 0.5። ኢንሱሊን ላይ "ዩኒት" የሚለውን ሙሉውን ጻፉ፤ ምህጻሩ (U) ዜሮ ይመስልና 10 የነበረው 100 ይሆናል። ካርባማዜፒንና ካርቢማዞል፣ ሃይድራላዚንና ሃይድሮክሲዚን በችኮላ ሲጻፉ መንትያ ናቸው። መፍትሔው ምክንያቱን መጻፍ ነው፦ "ለሚጥል በሽታ"፣ "ለእንቅርት"። አንድ ቃል ናት፤ ፋርማሲስቱ ስህተቱን የሚይዝባት እሷ ናት።

አምስተኛ፦ ሰዓትና ጾም

"በየ8 ሰዓቱ" የሚለውን ትእዛዝ ሰው እንዴት ይሰማዋል? አንድ አባት "እሺ ዶክተር" ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ መድኃኒቱን በቀን አንዴ ነበር የወሰዱት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ። ትክክል ናቸው። እኛ ነን ያጠፋነው። ስለዚህ ሰዓቱን በእኛ ቆጠራ ዘርዝሩ፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። ማንበብ ለማይችል ሰው ፓኬቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሳሉ። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን እዚያው ይዋጡ። ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚውል አስልታችሁ ንገሯቸው። ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር።

ከዚያ አስደግሟቸው። "ገባዎት?" አትበሉ። "እኔ በደንብ እንዳስረዳሁ ልወቅ፤ ቤት ሲደርሱ እንዴት ነው የሚወስዱት?" በሉ። ፈተና እንዳይመስላቸው ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ አድርጉት።

ጾም ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። ጅማ ውስጥ ረመዳንን የሚጾም የስኳር ታካሚ ብዙ ነው። ብዙዎቹ "ሐኪሙ ይከለክለኛል" ብለው ሳይነግሩን ይጾማሉ፤ ክኒኑን ግን እንደድሮው ጠዋት ይውጡታል። ከሰዓት በኋላ ይወድቃሉ። ረመዳን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብላችሁ እናንተ ራሳችሁ አንሱት። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ በቅርቡ ስኳሩ ወርዶ የወደቀ ሰው ባይጾም እንደሚሻል በግልጽ ንገሩት፤ ከኢማሙም ጋር ይምከር። የሚጾመው ደግሞ ስኳር የሚጥለውን ክኒን ዋና መጠን ወደ ፊጥር ይውሰድ፣ የሱሁሩ ይቀነስ። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ያኔውኑ ይፍታ። ስኳር መለካት ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ንገሯቸው። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾሙ ኦርቶዶክስ ታካሚዎችም ጥያቄው ያው ነው። በዐቢይ ጾም ዋዜማ ጠይቁ፣ ከንስሐ አባታቸውም ጋር እንዲነጋገሩ አበረታቱ።

ስድስተኛ፦ "ያው ይደገምልኝ"

ክትትል ክፍል ውስጥ አደጋው ልማድ ነው። ታካሚው "ያው ይደገምልኝ" ይላል፣ እኛም እንደግማለን። ዓመት ያልፋል።

አንድ ታሪክ ላምጣ፤ ደጋግሜ ስላየሁት የአንድ ሰው አይደለም። ኢናላፕሪል ይጀመራል። ደረቅ ሳል ይመጣል። ሳሉ የመድኃኒቱ ነው፤ ማንም ግን አያገናኘውም። የሳል ሽሮፕ ይጻፋል። አይለቅም። አሞክሳሲሊን ይጻፋል። ተቅማጥ ያመጣል። ለተቅማጡ ሜትሮኒዳዞል። አንድ ክኒን የነበረው አራት ሆነ። መፍትሔው ኢናላፕሪልን በሌላ መቀየር ብቻ ነበር። አምሎዲፒን እግር ሲያሳብጥና ለእብጠቱ ፉሮሴማይድ ሲጻፍም ነገሩ ያው ነው። አዲስ ምልክት ይዞ የመጣን ሰው ስታዩ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ይህን የሚያመጣ ምን ይወስዳል?" ይሁን።

እያንዳንዱን የክትትል ታካሚ ቢያንስ በስድስት ወር አንዴ ሙሉ ፌስታሉን ይዞ እንዲመጣ ቅጠሩት። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት፣ ከጀመረ ከአንድ ወይም ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይመርመር። ከሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ሲመጣ የመውጫ ወረቀቱንና የድሮ ካርዱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የቆመውን በቀይ ሰርዙ። አዲሱንም አሮጌውንም የሚውጥ ሰው ብዙ ነው።

ሰባተኛ፦ ፋርማሲስቱ

መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው ከእኛ በኋላ ማዘዣውን የሚያይ የመጨረሻ ዓይን ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒካል ፋርማሲስቶችን የሚያሠለጥን ተቋም ነው፤ ሙያው አጠገባችን አለ። ማዘዣ ሲመለስባችሁ አትቆጡ። አንዴ የተቆጣችሁበት ፋርማሲስት ሁለተኛ አይመልስም፣ ያ ደግሞ ለታካሚው መጥፎ ቀን ነው። በቴሌግራም ቡድን ፍጠሩና የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ በየጠዋቱ ይለጠፍ። ያለቀውን በሌላ መቀየር ሲያስፈልግ የትኛው ሳይደወል እንደማይቀየር ቀድማችሁ ተስማሙ።

ስምንተኛ፦ ሠላሳ ካርድ

እንግሊዝ አገር 72 የጠቅላላ ሐኪም ክሊኒኮች የተሳተፉበት ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ፋርማሲስቶች ከሐኪሞቹ ጋር ቁጭ ብለው ጥቂት የተመረጡ ስህተቶችን ብቻ ተከታተሉ። ከነዚያ ዋናዎቹ ሦስት ነበሩ። የጨጓራ ቁስል ታሪክ ላለው ሰው ያለ መከላከያ የታዘዘ የዲክሎፌናክ ዓይነት ማስታገሻ። ለአስም ታካሚ የታዘዘ የፕሮፕራኖሎል ዓይነት። ዕድሜያቸው 75 ከደረሰና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት ወይም የሽንት መድኃኒት እየወሰዱ ለ15 ወር ደማቸው ያልተመረመረ ሰዎች። በስድስት ወር ውስጥ፣ ከኮምፒውተር የወጣ ዝርዝር ብቻ ከተሰጣቸው ክሊኒኮች ይልቅ በነዚህ ስህተቱ ቀንሶ ተገኘ።

እኛ ኮምፒውተር ላይኖረን ይችላል። ካርድ ግን አለን። በወር አንድ ቀን፣ ከሰዓት፣ 30 የክትትል ካርዶችን ሳትመርጡ አውጡ። እነዚያኑ ሦስት ስህተቶች ፈልጉ። አንቲባዮቲክና መርፌ ስንት ጊዜ እንደታዘዘም ቁጠሩ። ለጉንፋን የተወጋ ሴፍትሪአክሶን ስታገኙ ካርዱን ለብቻው አስቀምጡት። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት ሥር በእርሳስ ጻፉ። የማንም ስም አይጻፍ። ውይይቱን የሚከፍተው ኃላፊው ይሁን፣ በራሱ ስህተት። እኔ ሁልጊዜ የጉልበቷን እናት ታሪክ ነው የማስቀድመው። ከዚያ በኋላ ሌላው ሰው ለመናገር አይፈራም።

በመድኃኒት የተነሳ ጉዳት ደረሰ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት አድርጉ። ቢጫው ቅጽ ፋርማሲ ውስጥ ይገኛል። ጥርጣሬ ይበቃል፤ መድኃኒቱ ጥፋተኛ መሆኑን ማረጋገጥ አይጠበቅባችሁም። የታካሚው ስም ሙሉውን አይጻፍም። የመድኃኒቱን የባች ቁጥር ግን ከፓኬቱ ላይ ገልብጡ፤ ስለዚህ ፓኬቱን እንዳይጥሉት ንገሯቸው። ቅጹ ካለቀ በ8482 በነፃ ደውሉ።